ላፕቶፕ በሆትስፖት ሲገናኝ የዳታ ጥቅላችሁን እንዳይጨርስ፦ ደረጃ በደረጃ

በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ከስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ላፕቶፔን አገናኘሁ። አንድ ኢሜይል ልኬ ሳልጨርስ ጥቅሉ አልቋል የሚል መልእክት መጣ። ምን በላው?» ጠያቂው ይለያያል። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍ ተማሪ አለች፣ ከመስክ ሆኖ ሪፖርት የሚልክ ባለሙያ አለ፣ ሱቁ ውስጥ ሂሳብ የሚሠራ ነጋዴ አለ። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ስለሆነ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጠዋለሁ።

የበላው ላፕቶፑ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ዋይፋይ ሲያገኝ መስመሩ እንደልብ የሚጠቀሙበት የቤት ወይም የቢሮ ኢንተርኔት ይመስለዋል። ከጀርባው በሜጋባይት የተገዛ ጥቅል እንዳለ አያውቅም። ላፕቶፑ ለቀናት ያለ ኔት ከቆየ ደግሞ የተጠራቀመ ሥራ አለው። የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ወደ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የፋይል ማስቀመጫ) የሚሰቀሉ ፎቶዎች፣ የፕሮግራሞች እድሳት፣ ቴሌግራም ላይ ያልወረዱ ቪዲዮዎች ሁሉ ኔት እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሆትስፖቱ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ላይ ይጀምራሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም በላይ የሚበሉት።

ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ለዊንዶውስ 10 እና 11 ናቸው። የሴቲንግስ ስሞችን ስክሪናችሁ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚነበቡት ጽፌያቸዋለሁ። እንደ ስሪቱ አንዳንዱ ስም ወይም ቦታ ትንሽ ሊለይ ይችላል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበት ላፕቶፕ
- ሆትስፖት የሚከፍት ስልክ
- ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ዳታ። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል አትጀምሩ፤ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይኑራችሁ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። ከመጀመሪያው በፊትና ከመጨረሻው በኋላ የምትጽፏቸው ቁጥሮች አሉ።
- ግማሽ ሰዓት የሚሆን ጊዜ

ምንም ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም። «ዳታ ቆጣቢ» እየተባሉ በነፃ የሚታደሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። የምንፈልገው ሁሉ ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራም ራሱ ሌላ ዳታ በላተኛ ሊሆን ይችላል።

1. መጀመሪያ ለኩ

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ማጥፋቱ ይሮጣል። ከዚያ ችግሩ መፈታቱን የሚያውቅበት መንገድ ያጣል።

ላፕቶፑ ላይ የተከፈተውን ሁሉ ዝጉ። ስልካችሁ ላይ ቀሪ ዳታችሁን እዩና ጻፉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ *804# ይደወላል። የስልኩም ዳታ እንዳይቀላቀልባችሁ ስልኩ ላይ የተከፈተ መተግበሪያ አይኑር። አሁን ሆትስፖቱን ከፍታችሁ ላፕቶፑን አገናኙና 15 ደቂቃ ምንም ሳትነኩ ተዉት። ከዚያ ሆትስፖቱን አጥፍታችሁ ቀሪውን እንደገና እዩ።

ልዩነቱ ጥቂት ሜጋባይት ከሆነ ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ዳታችሁ የሚሄደው እናንተው በምታዩትና በምትከፍቱት ነገር ነው። በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ከሄደ ግን ማንም ሳይነካው የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው።

ሳትነኩ የምትተዉት በምክንያት ነው። የዊንዶውስ የጀርባ ማውረጃ የተሠራው እናንተን ላለማወክ ነው። ኔቱን ስትጠቀሙ ቀስ ይላል፣ ስታቆሙ ይፈጥናል። ቡና ለማፍላት የተነሳችሁበት ሰዓት ለእሱ የሥራ ሰዓት ነው። መሀል ላይ ብታቋርጡትም በቀጣዩ ጊዜ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ጥቅል ጨርሶ ሌላ ስትገዙ ያንኑም የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

2. የበላው ማን እንደሆነ እዩ

ዊንዶውስ 11 ከሆነ፦ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ → ዳታ ዩዜጅ።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ፦ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → ዳታ ዩዜጅ። በአንዳንድ ስሪት «ስታተስ» በሚለው ገጽ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ከላይ የኔትወርክ መምረጫ አለ። የሆትስፖታችሁን ስም ምረጡ፤ አለዚያ የቢሮው ዋይፋይ ፍጆታ ያሳስታችኋል። ገጹ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል እንደተጠቀመ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረድራል።

ዝርዝሩን እንዲህ አንብቡት። «ሲስተም» የሚል ስም ከላይ ከተቀመጠ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው፤ መድኃኒቱ ደረጃ 3 እስከ 5 ላይ አለ። ፋይሎቻችሁን ወደ ክላውድ የሚሰቅሉት ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ድራይቭ ከሆነ ደረጃ 6፣ ቴሌግራም ከሆነ ደረጃ 7፣ ክሮም ወይም ኤጅ ከሆነ ደረጃ 8 ላይ አተኩሩ። ደረጃ 3ን ግን ማንም አይዝለል።

አሁን በዚች ደቂቃ የሚበላውን ለማየት ሌላ መንገድ አለ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ኔትወርክ» የሚለውን የአምድ ራስ ስትጫኑ ብዙ የሚጎትተው ወደ ላይ ይወጣል። «ሰርቪስ ሆስት፦ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚል መስመር ከላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ካያችሁ እጅ ከፍንጅ ያዛችሁት፤ ማሻሻያ እየወረደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ያዙ። ታስክ ማናጀር የሚቆጥረው በሜጋቢት ነው፣ ጥቅል የሚሸጠው ደግሞ በሜጋባይት። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚጎትት ፕሮግራም በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል። ትንሽ የሚመስለውን ቁጥር አትናቁት።

3. ሆትስፖቱን «ሚተርድ» አድርጉት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ቀሪዎቹ እርምጃዎች እሱን የሚያግዙ ናቸው።

ላፕቶፑን ከሆትስፖቱ ጋር አገናኙ። ከዚያ፦

ዊንዶውስ 11፦ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → ዋይፋይ። የሆትስፖታችሁ ስም «ፕሮፐርቲስ» ከሚል ቃል ጋር የተጻፈበትን መስመር ተጫኑ። ወረድ ስትሉ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ አለ፤ አብሩት።

ዊንዶውስ 10፦ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → ዋይፋይ። የሆትስፖቱን ስም ተጫኑ። «ሴት አዝ ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ።

ይህ ማብሪያ ለዊንዶውስ «ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው» ብሎ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹን ማሻሻያዎች ሳይጠይቃችሁ አያወርድም፣ የማይክሮሶፍት ስቶር መተግበሪያዎችን በራሱ አያድስም፣ ዋንድራይቭም ማመሳሰሉን ያቆማል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ማብሪያው የሚሠራው ለዚያ ስም ብቻ ነው። የሆትስፖቱን ስም ብትቀይሩ፣ ስልክ ብትቀይሩ ወይም የጓደኛችሁን ሆትስፖት ብትጠቀሙ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መስመር ያየዋል። እንደገና ማብራት አለባችሁ። በሰው ሆትስፖት ስትገናኙ ደግሞ ይህን ማድረግ ይሉኝታም ነው፤ የምትበሉት የሰው ዳታ ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ የምታገናኙ ከሆነ ዊንዶውስ ዋይፋይ ሳይሆን «ኢተርኔት» ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → ኢተርኔት ገብታችሁ እዚያም «ሚተርድ ኮኔክሽን»ን አብሩ። ገመድ በሰካችሁ ቁጥር መብራቱን አረጋግጡ፤ አንዳንድ ስልክ በየጊዜው እንደ አዲስ መስመር ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ከማይክሮሶፍት ውጪ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች ለዚህ ማብሪያ ግድ የላቸውም። ቴሌግራምን፣ ብራውዘርን፣ የጌም ማውረጃዎችን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ሴቲንግ መግታት ያስፈልጋል።

4. የዊንዶውስ ማሻሻያን ተቆጣጠሩት

ዊንዶውስ 11፦ ሴቲንግስ → ዊንዶውስ አፕዴት → አድቫንስድ ኦፕሽንስ። ዊንዶውስ 10፦ ሴቲንግስ → አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ → ዊንዶውስ አፕዴት → አድቫንስድ ኦፕሽንስ።

«ዳውንሎድ አፕዴትስ ኦቨር ሚተርድ ኮኔክሽንስ» የሚለው መጥፋቱን አረጋግጡ። ይህ በርቶ ከሆነ ደረጃ 3 ላይ የሠራችሁት ለማሻሻያ ምንም አይጠቅምም። ላፕቶፑን ሌላ ሰው ካዋቀረላችሁ በተለይ ይህን እዩ።

ሥራ ላይ ናችሁና ለጊዜው ምንም እንዲመጣባችሁ ካልፈለጋችሁ «ፖዝ አፕዴትስ» አለ። ዊንዶውስ 11 ላይ እስከ 5 ሳምንት፣ ዊንዶውስ 10 ላይ እስከ 35 ቀን ማቆም ይቻላል። ጊዜው ሲያልቅ የተጠራቀመውን ካላወረዳችሁ እንደገና ማቆም አትችሉም። ስለዚህ ፖዝ ያደረጋችሁበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት፤ ባልጠበቃችሁት ሰዓት እንዳይጀምር።

ማስጠንቀቂያ፦ የዊንዶውስ አፕዴት ሰርቪስን ጨርሶ አትግደሉት። «ዲሴብል አድርገው፣ ትገላገላለህ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። እኔ አልመክርም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገር ያሉ ኮምፒዩተሮችን ፋይል ሲቆልፍ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። የተጎዱት ያላሻሻሉት ናቸው። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር ደግሞ መከላከያ የሌለው ኮምፒዩተር ዕድሜው አጭር ነው። ዓላማችን ማሻሻያውን እናንተ በመረጣችሁት ሰዓትና መስመር ማውረድ ነው።

ዊንዶውስ 10 የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ። መደበኛው የነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለተጨማሪው የደኅንነት ማሻሻያ ፕሮግራም ካልተመዘገባችሁ የወርሃዊው ማሻሻያ አይመጣላችሁም። ዳታ የሚበላባችሁ ነገር ካለ ከዚህ በታች ባሉት ደረጃዎች ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

5. ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን እዩ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዊንዶውስ ያወረደውን ማሻሻያ ለሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚያካፍልበት መንገድ አለው። ማካፈል ማለት ከእናንተ መስመር መላክ ማለት ነው፤ የሚላከውም ዳታ ከጥቅላችሁ ይቆረጣል።

ዊንዶውስ 11፦ ሴቲንግስ → ዊንዶውስ አፕዴት → አድቫንስድ ኦፕሽንስ → ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን። ዊንዶውስ 10፦ ሴቲንግስ → አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ → ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን። «አላው ዳውንሎድስ» ብሎ የሚጀምረውን ማብሪያ አጥፉት።

ቢሮ ወይም ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ኮምፒዩተር በአንድ መስመር የምታሠሩ ከሆነ ግን አታጥፉት። «ሎካል ኔትወርክ» ብቻ የሚለውን ምረጡ። አንዱ ኮምፒዩተር ያወረደውን ሌሎቹ በቤት ውስጥ ከእሱ ይወስዳሉ፤ ያው ማሻሻያ ስድስት ጊዜ ከውጭ አይወርድም። ኢንተርኔቱንም የሚጨምረውን ግን አትምረጡ።

6. ዋንድራይቭን አቁሙ

አዲስ ላፕቶፕ ሲዋቀር በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ እና ፒክቸርስ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ዋንድራይቭ መስቀል ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከስልክ የገለበጣችሁት የሠርግ ፎቶ ሁሉ ፒክቸርስ ውስጥ ካለ በሆትስፖት እየተሰቀለ ነው ማለት ነው።

ከታች በቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ የደመና ምልክት አለ። ተጫኑት፣ የማርሹን ምልክት ተጫኑ፣ «ፖዝ ሲንኪንግ» ምረጡ፤ 2፣ 8 ወይም 24 ሰዓት ይሰጣችኋል። ከዚያ እዚያው ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ በሚተርድ መስመር ላይ ማመሳሰሉ እንዲቆም የሚያደርገው ምርጫ መብራቱን እዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ባክአፕ አቁም» የሚለውን ቸኩላችሁ አትጫኑ። ስታቆሙት ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሊቀሩና ዴስክቶፓችሁ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አልጠፉም፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ዋንድራይቭን ስትከፍቱ ታገኟቸዋላችሁ። ግን ድንጋጤው አያስፈልግም። ዳታ ለመቆጠብ ፖዝ ይበቃል። ጉግል ድራይቭ ያላችሁም በተመሳሳይ መንገድ ፖዝ አድርጉ።

7. ቴሌግራምን ግቱ

በእኛ አገር ላፕቶፖች ላይ ከዊንዶውስ ማሻሻያ ቀጥሎ ዋናው በላተኛ ቴሌግራም ነው ብዬ አምናለሁ። ፊልም፣ መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀት፣ ዜና፣ ሁሉም እዚያ ነው። አባል የሆናችሁበት ቻናል ሲበዛ ሳትጠይቁት የሚወርደውም ይበዛል።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ሴቲንግስ → አድቫንስድ ግቡ። «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ሥር ሦስት መስመር አለ፦ የግል ንግግር፣ ግሩፕ፣ ቻናል። ሦስቱንም አንድ በአንድ ክፈቱ። አንዱን አጥፍቶ ሌሎቹን መርሳት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ውስጥ፦

- ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ።
- ፎቶ ቢበራ ብዙ አይጎዳም፤ ትልልቅ ግሩፖችና ቻናሎች ላይ ግን ማጥፋቱ ይሻላል።
- ቪዲዮና ጂፍ በራሱ እንዳይጫወት አድርጉ። የሚጫወት ቪዲዮ እየወረደ ያለ ቪዲዮ ነው፤ ገጹን ወደ ታች ስታንሸራትቱ ያለፋችሁት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል።

ከዚህ በኋላ አንድን ፋይል ስትፈልጉት ብቻ የማውረጃውን ቀስት ትጫናላችሁ። የወረደው ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይቀመጣል። አንድን ፊልም ሁለት ጊዜ ከማውረዳችሁ በፊት እዚያ ተመልከቱ።

በኤክስ ምልክቱ መስኮቱን ብትዘጉትም ቴሌግራም ሰዓቱ አጠገብ ተቀምጦ ይሠራል። ጨርሶ ለመዝጋት ምልክቱን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኩዊት ቴሌግራም» በሉት።

8. ብራውዘሩን አስተካክሉ

ክሮም፦ ሴቲንግስ → ሲስተም ውስጥ ክሮም ከተዘጋ በኋላም መተግበሪያዎች እንዲሠሩ የሚፈቅደውን አጥፉ። ከዚያ ሴቲንግስ → ፐርፎርማንስ ውስጥ «ፕሪሎድ ፔጅስ»ን አጥፉ። ይህ ክሮም «ትከፍቱት ይሆናል» ብሎ የገመተውን ገጽ ቀድሞ የሚያወርድበት ነው። ለፍጥነት ጥሩ ነው፤ ባልከፈታችሁት ገጽ ግን ዳታ ይሄዳል። ኤጅም ከተዘጋ በኋላ በጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅድ ተመሳሳይ ማብሪያ አለው፤ ሴቲንግስ → ሲስተም ኤንድ ፐርፎርማንስ ውስጥ ፈልጉት።

ዩቲዩብ ላይ ሁለት ነገር አድርጉ። ቪዲዮው ላይ ያለውን «ኦቶፕሌይ» አጥፉ፣ ቀጣዩ ሳትጠሩት እንዳይመጣ። የጥራት ምልክቱን ተጭናችሁ 360 ወይም 480 ምረጡ። ላፕቶፕ ስክሪኑ ሰፊ ስለሆነ ዩቲዩብ ከስልክ የበለጠ ጥራት ሊመርጥ ይችላል። ትምህርት ለመከታተል 480 በደንብ ይበቃል። ድምፁን ብቻ የምትሰሙ ከሆነ 144 ማድረግም አለ።

9. ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ቀንሱ

ሴቲንግስ → አፕስ → ስታርትአፕ። ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚህ ተደርድረዋል። የጌም ማውረጃዎች፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፕሮግራም አዳሾች፣ የማትጠቀሙባቸው የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያዎች ሁሉ ይጥፉ። እዚህ ማጥፋት ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ስትፈልጉት ትከፍቱታላችሁ። ኮምፒዩተሩም ቶሎ ይነሳል። የጸረ ቫይረሱንና የድምፅ ወይም የታችፓድ ድራይቨር የሚመስሉትን ግን አትንኩ።

10. የመጨረሻውን በር ስልኩ ላይ ዝጉ

ዊንዶውስ ዳታ ዩዜጅ ገጽ ላይ ገደብ ማስገቢያ አለው። ብዙዎች ይህን ሞልተው ተማምነው ይቀመጣሉ። የዊንዶውሱ ገደብ ግን ያስጠነቅቃል እንጂ አይቆርጥም።

የሚቆርጠው አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ነው። በስልኩ ሴቲንግስ የዳታ ዩዜጅ ገጽ ውስጥ «ዳታ ዋርኒንግ ኤንድ ሊሚት» ፈልጉ። «ሴት ዳታ ሊሚት»ን አብርታችሁ መጠኑን ጻፉ። የተጻፈው መጠን ሲሞላ ስልኩ ሞባይል ዳታውን ራሱ ያጠፋል።

ስሌቱ ላይ ተጠንቀቁ። ስልኩ የሚቆጥረው ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ነው። በዚህ ወር 4 ጊጋባይት ተጠቅማችሁ ከሆነና ላፕቶፑ ከ1 ጊጋባይት እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ገደቡን 5 አድርጉ። 1 ብላችሁ ብትጽፉ ዳታው እዚያው ይጠፋል፤ «ስልኬ ተበላሸ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይመጣል።

ይህ ገደብ ሌላም ጥቅም አለው። ጥቅል ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ መቁረጥ ሊቀጥል ይችላል። ገደቡን በስልኩ ቆጠራ ጥቅሉ ከሚያልቅበት ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ካርዳችሁ ይተርፋል። አይፎን ላይ እንዲህ የሚቆርጥ ገደብ የለም፤ ሥራችሁን ስትጨርሱ ሆትስፖቱን ወዲያው ማጥፋት ልማድ ይሁናችሁ።

11. ደግማችሁ ለኩ

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩ። ደረጃ 1ን ልክ እንደመጀመሪያው ድገሙት፦ 15 ደቂቃ፣ ምንም ሳትነኩ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ጉልህ ልዩነት ከሌለ መጨረሻ ላይ ያለውን «ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከበላ» የሚለውን ክፍል አንብቡ።

ማሻሻያውን ታዲያ መቼ እናውርድ?

ማይክሮሶፍት ዋናውን ወርሃዊ ማሻሻያ የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ሰዓት ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት አካባቢ። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ጊዜ ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ገደብ የሌለው ዋይፋይ ያለው ዘመድ ቤት ስትሄዱ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ያዙ። ሴቲንግስ → ዊንዶውስ አፕዴት → «ቼክ ፎር አፕዴትስ» በሉና እስኪጨርስ ተዉት። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነም ለዚህ ጥሩ ነው። መጠኑ ከወር ወር ይለያያል፤ ከጥቂት መቶ ሜጋባይት ሊጀምር፣ ከጊጋባይትም ሊያልፍ ይችላል። ወደ አዲስ የዊንዶውስ ስሪት መሸጋገር ሲሆን ብዙ ጊጋባይት ይፈጃልና በሆትስፖት አትሞክሩት።

የጸረ ቫይረሱ እድሳት ግን ወር አይጠብቅ። ሚተርድ መስመር ላይ እሱም ሊዘገይ ይችላል። በሳምንት አንዴ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ → ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን → ፕሮቴክሽን አፕዴትስ ገብታችሁ በእጃችሁ አድሱት። ለዚህ የሚወጣ ዳታ አይቆጭም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ሚተርድን የቢሮው ዋይፋይ ላይ ማብራት። ከሆትስፖቱ ጋር ሳትገናኙ ከሠራችሁት የሌላ መስመር ሴቲንግ ነው የቀየራችሁት። ያኔ ኮምፒዩተሩ ነፃው መስመር ላይ ሳያድስ ይከርምና የስልካችሁ ላይ ያወርዳል፤ ከምትፈልጉት ተቃራኒው ይሆናል።
- ዋይፋዩን ሚተርድ አድርጎ በዩኤስቢ ገመድ መጠቀም።
- «ፖዝ» ላይ ተማምኖ የሚያልቅበትን ቀን መርሳት።
- ክዳኑን ዘግቶ ሆትስፖቱን ክፍት መተው። አንዳንድ ላፕቶፕ ክዳኑ ተዘግቶም ከኔት ጋር እንደተገናኘ ይቆያል። ጨርሳችሁ ስትነሱ ስልኩ ላይ አጥፉ።
- ሆትስፖትን ያለ የይለፍ ቃል ወይም 12345678 አድርጎ መክፈት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከበላ

መጀመሪያ ስልኩ ላይ የሆትስፖት ገጹን ክፈቱና የተገናኙትን መሣሪያዎች ቁጠሩ። ከአንድ በላይ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ስልክ ወይም ቲቪ ቀድሞ የይለፍ ቃሉን አስቀምጦት ሆትስፖቱ ሲከፈት ራሱ ሊገናኝ ይችላል።

ቀጥሎ ስልኩ ላይ ዳታ ዩዜጅ ገብታችሁ «ሆትስፖት» የሚለውን መስመር እዩ። እሱ ትንሽ ሆኖ አጠቃላዩ ብዙ ከሆነ በላተኛው ላፕቶፑ አይደለም። ስልኩ ላይ ያሉ የቪዲዮ መተግበሪያዎችን መርምሩ።

ሆትስፖቱ ብዙ ካሳየና የተገናኘው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ወደ ዳታ ዩዜጅ ተመለሱ። «ሪሴት» የሚለውን ተጫኑ፣ አንድ ሰዓት ሥሩ፣ ዝርዝሩን እንደገና እዩ። የማታውቁት ስም ከላይ ከተቀመጠ ታስክ ማናጀር ላይ ፈልጋችሁ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። የሚከፈተው ፎልደር እናንተ የጫናችሁት ፕሮግራም ካልሆነ፣ በተለይ ስሙ የዘፈቀደ ፊደል ከሆነ፣ ኔቱን አቋርጡና ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሱ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ስለዚህ የጀመራችሁትን ሥራ ሁሉ አስቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ።